ክላሽ በማይንክራፍት ዓለም ስንት ልብ ይቀንሳል?

ይህን የመድረክ ውይይት (ክር) የከፈተው አባል፣ ብሎክ እየደረደሩ በሚገነቡበት ማይንክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ለጓደኞቹ በሚያስተዳድረው አነስተኛ ሰርቨር ላይ ጠመንጃ ለመጨመር ያሰበ ሰው ነው። ጨዋታው ባሩድ አለው፤ ብረትም ርችትም አለው፤ ጠመንጃ ግን የለውም። ጥያቄውም፣ ተጫዋቹ 10 ልብ ማለትም 20 የጤና ነጥብ ይዞ የሚነሣ ከሆነ፣ አንድ የክላሽ ጥይት ከዚህ ውስጥ ስንቱን መውሰድ ይገባዋል የሚል ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የሚሰጥ ሳይሆን ከእውነተኛው ዓለም ልኬት ተነሥቶ በስሌት የሚደረስበት እንዲሆን አጥብቆ ጠይቋል፤ ለመነሻም በጨዋታው ውስጥ አንድ ብሎክ 1 ሜትር፣ አንድ ሰከንድ ደግሞ 20 ቲክ መሆኑን አስቀምጧል። ክሩ ውሎ ሲያድር ስለረዘመ፣ በመካከሉም ጭቅጭቅ ስለበዛበት፣ ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ እንዳያነሣው ምላሾቹን በቁጥራቸው ተራ፣ በራሴ አነጋገር፣ ከዚህ በታች አሰፍራለሁ። በማልስማማበት ቦታ ላይም ዝም ብዬ አላልፍም።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ ብዙም አላሰበበትም። የአልማዝ ሰይፍ በአንድ ምት 7 ነጥብ ስለሚወስድ፣ በጥይት የተመታ ሰው ደግሞ ስለሚሞት፣ ቁጥሩ 20 ይሁን ብሎ አልፏል።

ምላሽ 2፦ በትሕትና የቀረበ እርማት ነው። በጥይት የተመታ ሁሉ እንደማይሞት ለማስረዳት፣ ጭኑ ውስጥ የቀረች ጥይት ይዞ ለረጅም ዓመታት ያረሰ አጎቱን አንሥቷል። ጥይት የሚገድለው እንደሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ማይንክራፍት ግን ራስን ከእግር አይለይም፤ የትም ቢመታ የሚቀነሰው ነጥብ ያው ነው። ስለዚህ የሚፈለገው የአማካይ ምት ዋጋ እንጂ የገዳዩ ምት ዋጋ አይደለም ብሏል። ይህን ነጥብ ከእርሱ በኋላ የጻፉት አብዛኞቹ ረስተውታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ክሩ ሁሉ ሊቆም የሚገባው በእርሱ ላይ ነበር።

ምላሽ 3፦ ስሌቱ በወጉ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ይህ አባል፣ በጨዋታውም በእውነተኛው ዓለምም የሚገኝ አንድ መሣሪያ ማመሳከሪያ ይሁነን በማለት ቀስትን መረጠ። በጨዋታው እስከ መጨረሻው ተስቦ የተለቀቀ ቀስት ፍላጻውን በአንድ ቲክ 3 ብሎክ ያስወነጭፈዋል፤ ይህ በ20 ሲባዛ በሰከንድ 60 ሜትር ይሆናል፤ ጠንካራ የጦር ቀስት ከሚሰጠው ፍጥነትም ብዙ አይርቅም። የፍላጻው ክብደት 60 ግራም ነው ከተባለ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 108 ጁል ይደርሳል። የሚያደርሰው ጉዳት ከ6 እስከ 11 ነጥብ የሚዋዥቅ ስለሆነ 9ን መሐል ቦታ አድርጎ ወስዶ፣ የቀረውን ለሌሎች ትቷል።

ምላሽ 4፦ ወዲያው የተረከበው ሰው በጉልበት አሰላው። የክላሽ ጥይት 7.9 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ እየከነፈ ነው፤ ጉልበቱም ወደ 2,020 ጁል ይጠጋል። ይህ ከፍላጻው 18.7 እጥፍ በመሆኑ ጉዳቱ 168 ነጥብ ይሆናል። 100 ነጥብ ያለው የጨዋታው ግዙፍ ፍጡር፣ የብረት ጎለም፣ በአንድ ጥይት ይወድቃል ማለት ነው፤ መላሹ ግን ይህ ምንም አላሳሰበውም።

ምላሽ 5፦ የተለየ መንገድ የያዘ ነው። ጉልበትን ትቶ ሞመንተምን፣ ማለትም ክብደት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘውን መጠን፣ አወዳደረ። ፍላጻው 3.6፣ ጥይቱ 5.65 ስለሚሆን ልዩነታቸው አንድ ተኩል እጥፍ ከትንሽ ነው፤ ጉዳቱም 14 ነጥብ ላይ ያርፋል። ጋሻም ጥሩርም የሌለው ተጫዋች በመጀመሪያው ጥይት ክፉኛ ቆስሎ በሁለተኛው ይሞታል። መላሹ ይህን ሲጽፍ ምላሽ 2ን በስም ጠርቶ አመስግኗል።

ምላሽ 6፦ የክሩ ቃና የተለወጠው በዚህ ነው። ይህ አባል ሦስቱም ከእርሱ በፊት የጻፉት የጨዋታውን ኮድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመለከቱ ፊዚክስ ማስተማራቸው እንዳስገረመው ገልጾ፣ ፍላጻ ሲያርፍ ጨዋታው የሚያደርገው በዚያች ቅጽበት ያለውን ፍጥነት በመነሻ ጉዳቱ፣ ማለትም በ2፣ ማባዛት ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ክብደት የሚባል ነገር በቀመሩ ውስጥ የለም፤ ፍጥነትም በራሱ አይባዛም። በሰከንድ 715 ሜትር ማለት በቲክ 35.75 ብሎክ ነው፤ በ2 ሲባዛና ወደ ላይ ሲጠጋጋ 72 ይመጣል፤ በእርሱ ዘንድ ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም የጠቀሰው ቀመር ትክክል ነው። ያላስተዋለው ነገር ቢኖር፣ 2 የሚለው ቁጥር ለፍላጻ የተሰጠ እንጂ ለጥይት የተሰጠ አለመሆኑን ነው፤ ጥያቄው ራሱ ይህን ቁጥር ስንት እናድርገው የሚል ነበርና።

ምላሽ 7፦ ከፋቹ ተመልሶ ሁሉንም አመስግኖ፣ 14፣ 72 እና 168 በእጁ መግባታቸውን፣ የትኛውን እንደሚመርጥ ግን ግራ እንደገባው ጻፈ።

ምላሽ 8፦ በእኔ ዓይን ከክሩ ሁሉ የላቀው ይህ ነው። የጻፉት በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋታውን ከልጃቸው ጋር የሚጫወቱ ሰው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ አባላት ጋሼ እያሉ ይጠሯቸዋል። እርሳቸው ክላሹን ለብቻው ከማየት ይልቅ ሁለተኛ ጠመንጃ አጠገቡ አቁመን ሦስቱን ቀመሮች እንፈትናቸው በማለት፣ በአድዋ ዘመን በሠራዊታችን እጅ የነበረውን ውጅግራ አመጡ። የውጅግራ እርሳስ 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው፣ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ የሚበር፣ ቀስ ያለ ግን ከባድ ጥይት ነው። በጉልበት ሲሰላ 2,530 ጁል ገደማ ስለሚሆን 211 ነጥብ ይሰጣል፤ በሞመንተም 28፤ በጨዋታው ቀመር ደግሞ 45። ልብ በሉ፤ በሁለቱ ፊዚክሳዊ መንገዶች ውጅግራው ክላሹን ይበልጠዋል፤ በጨዋታው ቀመር ግን 45 ከ72 ያንሳልና ክላሹ ይበልጠዋል። እንግዲህ የቀመሩ ምርጫ የቁጥሩን ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የትኛው መሣሪያ ከየትኛው ይበልጣል የሚለውንም ይገለብጣል ማለት ነው። ጋሼ ከዚህ ተነሥተው፣ በሁሉም መንገድ የማናውቀው የጠመንጃውን ኃይል ሳይሆን የአንዲቱን ልብ ዋጋ ነው ብለዋል፤ ጠመንጃው ተለክቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ልቢቱን ግን በጁል የለካት ሰው የለም።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11፦ የውጅግራ ስም ሲጠራ ነገሩ ከመንገድ ወጣ። አንዱ ምንሽር ከቤልጅግ ጋር እንዴት እንደሚወዳደር ጠየቀ፤ ሌላው የአያቱ ጠመንጃ ዲሞትፈር እንደነበረ፣ በሠርግ ቀን ብቻ ከግድግዳ ይወርድ እንደነበረ ተረከ፤ ሦስተኛው ስሙን ተሳስተሃል ብሎ ተቆጣ። አወያዩ ሌላ ክር እንዲከፍቱ በጨዋ ደንብ ነግሯቸው ወደ ጉዳዩ መለሳቸው።

ምላሽ 12፦ የጋሼን ነጥብ ይዞ ልቢቱን ራሷን ልለካት ያለ ሰው ነው። ጨዋታው ከከፍታ መውደቅን ያውቃል፤ የመጀመሪያው 3 ብሎክ በነጻ ይታለፋል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ብሎክ 1 ነጥብ ይቀነሳል፤ በመሆኑም 23 ብሎክ የወደቀ ተጫዋች ይሞታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ሲወድቅ የሚያገኘው ጉልበት 686 ጁል ነውና አንድ ነጥብ 686 ጁል ናት። የክላሽ ጥይት 2,020 ጁል ከሆነ የሚወስደው 3 ነጥብ ብቻ ነው። በጨዋታው የእንጨት ሰይፍ እንኳ 4 ይወስዳል።

ምላሽ 13፦ ከላይ ያለውን በሳቅ የተቀበለ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከክላሽ ይልቅ ዱላ ይሻላል ለማለት ነው።

ምላሽ 14፦ ይህኛው ደግሞ ከምላሽ 12ም የባሰ ውጤት ይዞ መጣ። በማይንክራፍት የሚወድቅ አካል ፍጥነት በየቲኩ በ0.08 ብሎክ ስለሚጨምር፣ ስበቱ ወደ እኛ ልኬት ሲመለስ ከ9.8 ይልቅ 32 ይሆናል፤ ከምድር ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ስበት አንዲት ነጥብ 2,240 ጁል ስለምትሆን ጥይቱ አንድ ሙሉ ነጥብ እንኳ አይወስድም። ስሌቱ እንከን የለውም፤ ውጤቱ ግን የትም አያደርስም።

ምላሽ 15፦ ለምን የትም እንደማያደርስ ያስረዳው ይህ አባል ነው። ሆድ የሚወጋ ቢላዋ የሚይዘው ጉልበት ጥቂት አሥር ጁሎች ብቻ ነው፤ በምላሽ 12 መስፈሪያ ከተለካ ከአንድ ነጥብ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ሰው ግን ይገድላል። የወደቀ ሰው ጉልበት በመላ አካሉ ላይ ይበተናል፤ ጥይትና ስለት ግን ያላቸውን ሁሉ በጠባብ ቀዳዳ ያስገባሉ። ስለዚህ ውድቀትን የጥይት መስፈሪያ ማድረግ ውኃን በክንድ እንደ መለካት ነው ብሎ ደምድሟል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገሩ የምላሽ 12ን ጸሐፊ የትምህርት ደረጃ የሚነካ ስለነበረ አወያዩ አጥፍቶታል፤ አጥፍቶታል ማለትም ብዙዎቻችን ካነበብነው በኋላ ነው።

ምላሽ 16፦ ጥሩርን ያመጣ ነው። ጨዋታው ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ምቱ በከበደ ቁጥር የጥሩር መከላከል እንዲቀንስ አድርጎ ያሰላል። ሙሉ የአልማዝ ጥሩር የለበሰ ተጫዋች 72 ነጥብ ያለው ጥይት ቢመታው የሚቀነስለት 16 በመቶ ብቻ ሆኖ 60 ነጥብ ገደማ ያርፍበታል፤ አልማዙን ለበሰው አልለበሰው ልዩነት የለውም፤ በቦታው ይሞታል። ጥይቱ 14 ነጥብ ከሆነ ግን ጥሩሩ 66 በመቶውን ይይዝለታል፤ የሚደርስበትም 4.8 ገደማ ነው፤ ለመሞት አምስት ጥይት ያስፈልገዋል። የብረት ጥሩር የለበሰ ደግሞ ከዚያው ጥይት 9.5 ነጥብ ይደርስበትና በሦስተኛው ይወድቃል። መላሹ የትኛው ቁጥር ይመረጥ አላለም፤ ተጫዋቾች አልማዝ ፍለጋ መሬት ሲቆፍሩ የሚያድሩበት ሰርቨር ከሆነ ግን 72 መምረጥ ድካማቸውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል ብሎ ለከፋቹ አስገንዝቧል። ይህ ከስሌት ይልቅ የጨዋታ ፍርድ ነው፤ ቢሆንም ከፋቹን ያሳመነው ይህ ይመስለኛል።

ምላሽ 17፦ እስከዚህ ድረስ ማንም ያላነሣው ነገር ነው። በማይንክራፍት አንድ ፍጡር ከተመታ በኋላ ለ10 ቲክ፣ ማለትም ለግማሽ ሰከንድ፣ ከቀድሞው የማይበልጥ ምት አይነካውም። ክላሽ በደቂቃ 600፣ በሰከንድ 10 ጥይት ይተፋል። ከእነዚህ ዐሥር ጥይቶች በአንድ ዒላማ ላይ የሚቆጠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 30 ጥይት የያዘ ካርታ በሦስት ሰከንድ ሲራገፍ ሥራ የሚሠሩት ስድስት ገደማ ይሆናሉ፤ የቀሩት ነጥረው ይወድቃሉ። እንግዲህ የክላሽ ዋናው ብልጫ፣ ማለትም በተከታታይ መተኮሱ፣ በዚህ ዓለም ሕግ ከአምስት እጅ አራቱ ተቀንሶ አንዱ ብቻ ይቀርለታል።

ምላሽ 18፦ የምላሽ 6 ጸሐፊ ተመልሶ ይህ ደንብ በኮድ ሊነሣ የሚችል ስለሆነ ክርክሩ ዋጋ የለውም አለ። ምላሽ 17ን የጻፈው ሰውም በምላሽ 19 ሳይለሳለስ፣ ሁሉንም ደንብ የምናነሣ ከሆነ የምንገምተው የማይንክራፍትን ዓለም ሳይሆን የራሳችንን ዓለም ነው፤ ታዲያ ጥያቄው ምን ሊሆን ነው ብሎ መለሰለት። በዚህ ላይ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። መሣሪያው እንግዳ ነው፤ ቤቱ ግን የጨዋታው ነው፤ እንግዳ ደግሞ በቤቱ ሥርዓት ይስተናገዳል።

ምላሽ 20፦ የርቀት ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ የሚያንቀሳቅሰው በተጫዋቹ ዙሪያ ያለውን 10 ቸንክ ከሆነ፣ አንዱ ቸንክ 16 ብሎክ ስለሆነ ጥይት ከ160 ሜትር በላይ ሲሄድ ባለበት ይቆማል። እውነተኛው የክላሽ ጥይት ይህን ርቀት ሩብ ሰከንድ ሳይሞላ ያልፈዋል።

ምላሽ 21፦ ልጆቿ ጨዋታውን የሚጫወቱ እናት፣ ልጆች የሚገነቡበትን ዓለም በጠመንጃ መሙላት ለምን አስፈለገ ብላ በጨዋነት ጠየቀች። ከፋቹም ሰርቨሩ ለአዋቂ ጓደኞቹ ብቻ የተዘጋ መሆኑን በምላሽ 22 አስረድቷት በሰላም ተለያዩ።

ምላሽ 23፦ ከጥይት ወደ ቦምብ የተሻገረ ነው። የጨዋታው የቲኤንቲ (ፈንጂ) ብሎክ አንድ ሜትር ኩብ ስለሆነ በእውነተኛው ዓለም 1,650 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ኤፍ 1 የተባለው የእጅ ቦምብ ግን የሚይዘው 60 ግራም ብቻ ነው። በመካከላቸው 27,500 እጥፍ አለ። የፍንዳታ ስፋት ግን ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በኩብ ሥሩ ነው የሚያድገው፤ የ27,500 ኩብ ሥር ደግሞ 30 ነው። የብሎኩ የፍንዳታ ኃይል በጨዋታው 4 ስለሆነ የእጅ ቦምቡ 0.13 ይደርሰዋል፤ በዚህ መጠን አንድ የድንጋይ ብሎክ እንኳ ከቦታው አይነቀልም። እውነተኛው የእጅ ቦምብም የሚገድለው በንፋሱ ሳይሆን በፍንጣሪው ስለሆነ፣ መላሹ ፍንጣሪውን እንደ ብዙ ደካማ ፍላጻ መቁጠር ይሻላል ብሏል።

ምላሽ 24፦ ፍንዳታ ሲነሣ ኦብሲዲያንም መነሣቱ አልቀረም። በጨዋታው ድንጋይ ፍንዳታን የሚቋቋመው በ6 ሲሆን ኦብሲዲያን በ1,200 ነው፤ ቲኤንቲ አይበግረውም። ይህ አባል ግን ኦብሲዲያን በእውነቱ የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ የእኛው ባልጩት መሆኑን አስታውሶ፣ በመልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች መሣሪያ ያበጁት በቀላል ምት ስለሚሰነጠቅ እንደሆነ፣ በደቡብ ያሉ ቆዳ ፋቂዎችም እስከ ቅርብ ጊዜ በስለቱ ይጠቀሙ እንደነበር ጽፏል። በጥይት የተመታ ባልጩት ይረግፋል፤ የጨዋታው ባልጩት ግን ቦምብ አይነካውም። የብሎኮቹን ጥንካሬ ከእውነተኛው ዓለም ጋር ለማስታረቅ የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቢቆርጥ አልፈርድበትም።

ምላሽ 25፦ ክሩን ወደ ሥራ የመለሰው ይህ ነው። ሞድ (ጨዋታውን የሚለውጥ ተጨማሪ ፕሮግራም) ሳይጫን በዳታፓክ (ጨዋታው ራሱ በሚቀበላቸው የትእዛዝ ፋይሎች) ብቻ ጥይት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ፍላጻን በኮማንድ ፈጥሮ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ጨዋታው በዚህ መንገድ የሚቀበለው በየአቅጣጫው እስከ 10 ብሎክ በቲክ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል፤ ጥይቱም ከአፈሙዙ ሥር ይወድቃል። 10 ብሎክ በቲክ ማለት በሰከንድ 200 ሜትር ነው፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። 35.75 የሚለው የምላሽ 6 ቁጥርም በዚህ መንገድ ከቶ ሊደረስበት አይችልም። የምላሽ 6 ጸሐፊ ከዚህ በኋላ በክሩ አልታየም።

ምላሽ 26፦ ከፋቹ ውሳኔውን አሳወቀ። የጥይቱን ፍጥነት 10፣ የመነሻ ጉዳቱን 1.4 አድርጎታል፤ ሁለቱ ሲባዙ የምላሽ 5ን 14 ይሰጣሉ። አየሩ በየቲኩ ከፍጥነቱ አንድ በመቶ ስለሚቀንስ፣ ጥይቱ 160 ሜትር ሲደርስ ጉዳቱ ወደ 12 ይወርዳል፤ በዚያ ርቀት 7 ብሎክ ገደማ ዝቅ ስለሚልም ተኳሹ አልሞ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ለውጅግራው ደግሞ የመነሻ ጉዳቱን 2.8 አድርጎ 28 ነጥብ ሰጥቶታል።

ምላሽ 27፦ ጋሼ ተመልሰው አንድ ሒሳብ ብቻ አከሉ። 28 ነጥብ ያለው ጥይት የአልማዝ ጥሩር የለበሰ ሰው ላይ 13.4 ገደማ ስለሚያደርስ ሁለት ጥይት ይበቃዋል፤ ክላሹ ግን አምስት ይፈልጋል፤ አምስቱም በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት ሲቆጠሩ ሁለት ሰከንድ ይፈጃሉ። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ስለሆነ፣ የማጉረሻው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ካነሰ በሰርቨሩ ላይ ክላሽ የሚይዝ ሰው አይገኝም ሲሉ አስጠነቀቁ።

ምላሽ 28፦ ከፋቹ የውጅግራውን ማጉረሻ 60 ቲክ አድርጎ ፋይሉን አያያዘ።